ሰውየው ለምን አይገኝም? ስለ «ቻን ኢዝ ሚሲንግ» ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የፊልም ተማሪ ነኝ። ‹ቻን ኢዝ ሚሲንግ›ን አየሁት። ሰውየው ሳይገኝ ማለቁ አናደደኝ፤ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አጎቴ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳል። በዚያው መንገድ ስለ እኛ ማኅበረሰብ የ70 ደቂቃ ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ። ያለኝ አንድ ካሜራና ሦስት ጓደኞች ናቸው። ከየት ልጀምር? የቱ ላይስ ይበላሽብኛል?»

ከንዴትህ ልጀምር፤ ፊልሙ የቆመው እሱ ላይ ነውና።

ላላየው አንባቢ፦ ፊልሙ በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥሬ ፊልም በጥቁርና ነጭ ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ የተቀረጸ ነው። ዳይሬክተሩ ሆንግ ኮንግ የተወለደው ዌይን ዋንግ ነው። ወጪው ወደ 22,000 ዶላር ሲሆን ድጋፉ የመጣው ከአሜሪካን ፊልም ኢንስቲትዩትና ከናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ጆ የሚባል ጎልማሳ ታክሲ ነጂና አጎቴ እያለ የሚጠራው ወጣቱ ስቲቭ የራሳቸው ታክሲ እንዲኖራቸው ለፈቃዱ የሚሆን 4,000 ዶላር ለቻን ሁንግ ሰጡት። ቻን ከታይዋን የመጣ ሰው ነው። ብሩን እንደያዘ ጠፋ። የቀረው ፊልም ፍለጋ ነው፦ የምግብ ቤት ማብሰያ ክፍል፣ የመጤዎች ቋንቋ ማስተማሪያ፣ የፊሊፒኖ አረጋውያን መዋያ፣ የቻን ቤት። በየደረሱበት አንድ ሰው ስለ ቻን አንድ ነገር ይነግራቸዋል፤ ቀጣዩ ያፈርሰዋል። ሚስቱ ሀብታም ስላልሆነ ሰው አልወጣውም ባይ ናት። ሴት ልጁ አባቷ ሐቀኛ ነው ትላለች። ምግብ አብሳዩ ሄንሪ አገሩን ወዳድ ስለሆነ ሕዝቡን ሊያገለግል ወደ ዋናው ቻይና ተመልሷል ይላል፤ ሌላው ደግሞ የለም፣ ታይዋን ሄዶ ከወንድሙ ጋር በንብረት ክፍፍል እየተጣላ ነው ይላል። ለአንዱ በቻይንኛ የሚጽፍ የኮምፒውተር ሥርዓት የፈጠረ ሊቅ ነው፤ ለስቲቭ ደነዝ፣ ገንዘብ ላይ ግን ብልጥ። የሜክሲኮ ማሪያቺ ሙዚቃ የሚወድ ወፈፍ ያደረገው ነው የሚልም አለ።

መጨረሻ ላይ ብሩ ይገኛል፤ የቻን ልጅ ትመልሰዋለች። ሰውየው ግን የለም። ጆ እጅ ላይ የምትቀረው ፎቶ ላይ እንኳ የቻን ፊት ጥላ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ዋንግ ምን እንዳደረገ አስተውል። ተመልካቹ ሁለት ነገር ሲጠብቅ ነበር፦ ብሩንና ሰውየውን። የብሩን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከፈለ፤ የሰውየውን አልከፈለም። ብሩም ባይገኝ ኖሮ «ተጭበረበርኩ» ብለህ ትረሳው ነበር። ብሩ ስለተገኘ ግን ንዴትህ የሚያርፍበት ቦታ አጣ፤ ከጭንቅላትህ አልወጣ ያለውም ለዚህ ነው። አንተም ስትጽፍ ከሁሉ በፊት መወሰን ያለብህ የትኛውን ዕዳ እንደምትከፍልና የትኛውን እንደማትከፍል ነው።

ቻን አንድ ሰው ሊሆን ያልቻለበት ምክንያት ታሪክ ውስጥ ነው። አሜሪካ በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለች፤ ሕጉ በ1943 ሲሻር እንኳ የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። በሩ በእውነት የተከፈተው በ1965ቱ ሕግ ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሰፈር ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች አንድ አልነበሩም። ካንቶንኛ የሚናገሩ የጓንግዶንግ ነባሮች፣ ማንዳሪን የሚናገሩ የታይዋን ሰዎች፣ ከሆንግ ኮንግ የመጡ፣ ቻይንኛው የጠፋባቸው የአሜሪካ ልጆች። በዚያ ላይ አሜሪካ በጃንዋሪ 1979 ለቤጂንግ መንግሥት ዕውቅና ሰጥታ ከታይፔይ (ከታይዋን መንግሥት) ጋር የነበራትን ይፋዊ ግንኙነት አቋረጠች። ፊልሙ ውስጥ በአዲስ ዓመት ሰልፍ ላይ የዋናው ቻይናና የታይዋን ደጋፊዎች በባንዲራ ይጋጫሉ፤ ነገሩም እስከ ነፍስ ግድያ ይደርሳል። ባንዲራ ሲነሳ የሰው ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ ለሐበሻ አላስረዳም።

ርዕሱም ራሱ ቀልድ ነው። ቻርሊ ቻን በድሮ የሆሊውድ ፊልሞች ላይ የሆኖሉሉ ቻይናዊ መርማሪ ነው፤ የሚጫወቱት ግን እንደ ዋርነር ኦላንድና ሲድኒ ቶለር ያሉ ነጮች ነበሩ። ለአሥርት ዓመታት በአሜሪካ የፊልም መጋረጃ ላይ ቻይናዊ ማለት እሱ ነበር። ዋንግ የመርማሪ ፊልሙን ልብስ አለበሰና ውስጡን ባዶ አደረገው። መርማሪዎቹ ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ ጠፋ የተባለው ቻን ደግሞ ያ የሚታወቀው ቻን ነው።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ቻን በትራፊክ ጉዳይ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረበት፤ አልቀረበም። ጉዳዩን የያዘች ወጣት የሕግ ባለሙያ ለጆና ለስቲቭ ታስረዳለች። ፖሊሱ «የቁም ምልክቱ ጋ ቆመሃል?» ሲለው ቻን አዎ ወይም አይደለም በማለት ፈንታ ስንት ዓመት ያለ ጥፋት እንደነዳ፣ አሜሪካ ስንት ዓመት እንደኖረ ማውራት ጀመረ። ፖሊሱ ትዕግሥቱ አለቀና «አልቆምክም!» ሲለው ቻን «ኖ» አለ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ «አልቆምኩም» ማለት ነው። ለቻን ግን «አይ፣ ያልከው ልክ አይደለም፤ ቆሜያለሁ» ማለት ነው። እኛም እንዲሁ ነን። «አልበላህም?» ስንባል «አይ፣ በልቻለሁ» ወይም «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። አጎትህ ፖሊስ ፊት አንዲቷን «ኖ» ብቻ ብሎ ቢያቆም እሱም ቻን ነው። ትዕይንቱ የሚያስቀው ደግሞ ልጅቷ ይህን ሁሉ በጥናት ቋንቋ፣ ያለ ትንፋሽ ስታንበለብለው ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች ፊታቸው ላይ የሚታየው ነገር ነው። ዋንግ ማብራሪያውን አቀረበው፤ በማብራሪያው ላይ እየቀለደ አቀረበው። አንተ ስክሪፕት ውስጥ «ማንነት» የሚል ቃል ካለ ወይ ሰርዘው ወይ የሚሳቅበት ሰው አፍ ውስጥ ክተተው።

ሌላው ብልሃት ነገሩን በዕቃ መናገር ነው። የቋንቋ ማዕከሉ ሰው ስለ መላመድ ሲናገር የሚጠቅሰው ቻይናታውን ውስጥ የሚጋገር የፖም ፓይ ነው፦ መልኩ እንደማንኛውም የአሜሪካ ፓይ ነው፣ ሲቀመስ ግን ቻይናዊ ነው። (በበርበሬ ሱጎ የሚበላው ፓስታችን ይህን ሥራ በደንብ ይሠራልሃል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ።)

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ተማሪ ከዚህ ፊልም የሚወስደው ጥቁርና ነጩንና የሚንቀጠቀጠውን ካሜራ ነው። እሱን ተወው። መወሰድ ያለበት አወቃቀሩ ነው፤ በአነስተኛ ገንዘብ ሊሠራ የቻለውም በእሱ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ምስክር አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ከሁለቱ ፈላጊዎች በስተቀር ማንም ሰው ለስምንት ቀን አያስፈልግህም። አንድ ምስክር ሳይመጣ ቢቀር ፊልሙ አይፈርስም፤ አንድ አስተያየት ብቻ ይጎድላል። ዋናው ተዋናይ ደግሞ የሌለ ሰው ስለሆነ ክፍያም ልብስም አይጠይቅም።

ፍለጋው ግን የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል። 4,000 ዶላሩ ከሌለ ፊልሙ ሰዎች በተራ የሚያወሩበት ቃለ መጠይቅ ይሆናል፤ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ፊልሞች በብዛት የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። ለአንተ ዕቁብ አለልህ። እንዲህ እንበል፦ ሃያ አባል፣ በሳምንት 500 ዶላር፣ ደራሹ 10,000። የጠፋው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ደርሶት ወስዷል፤ ገና የ17 ሳምንት 8,500 ዶላር ይቀርበታል። ዋሱ ማን ነው? አጎትየው። አሁን አጎትየው ለምን በር እያንኳኳ እንደሚዞር ማንም ሐበሻ ተመልካች አይጠይቅም፤ የዕቁቡ ዳኛ በየሳምንቱ ስለሚደውልለትም ሰዓቱ ይቆጥራል። ዕቁብን ለማያውቅ ተመልካች ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ እሱንም ከሁለቱ ፈላጊዎች ወጣቱ ለፈረንጅ ጓደኛው ይንገረው።

ከዚያ ስክሪፕት ሳትጽፍ የምስክሮች ሠንጠረዥ ሥራ። ለ70 ደቂቃ ከስምንት እስከ አሥር ምስክር ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ። በአምዶቹ ላይ ጻፍ፦ የት ይገኛል፣ በምን ቋንቋ ይናገራል፣ ጠፊውን በምን ያውቀዋል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይፈርድበታል፣ ለፈላጊዎቹ ምን ተጨባጭ ነገር (ቁልፍ፣ ደረሰኝ፣ ስልክ ቁጥር) ይሰጣቸዋል። የመጨረሻው አምድ ባዶ የሆነበት ምስክር ከፊልሙ ይውጣ፤ ወደሚቀጥለው ቦታ የሚያሻግር ነገር አልሰጠምና። ፍርዶቹ ደግሞ እርስ በርስ መጋጨት አለባቸው፤ ሁለት ሰው ተመሳሳይ ነገር ካለ አንዱ ትርፍ ነው። ቋንቋውንም አስብበት። የእኛ ማኅበረሰብ አማርኛ ብቻ አይናገርም፤ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገር፣ እንግሊዝኛ ብቻ የቀረው ልጅም አለ። ካንቶንኛና ማንዳሪን በቻን ታሪክ ውስጥ የሚሠሩትን ሥራ እነዚህ ይሠሩልሃል። አንዱን ብቻ ከመረጥክ ጠፊው ሰው ወዲያው ይገኛል፤ ማለትም ተመልካቹ «የእነ እንትና ሰው ነው» ብሎ ይፈርጀዋል።

ተዋናይ ላልሆነ ሰው የሚሸመደድ ቃል አትስጠው። ሦስት መናገር ያለበትን ነገርና አንድ ፈጽሞ መናገር የሌለበትን ነገር ብቻ ንገረው። ሌሎቹ ምስክሮች ምን እንዳሉም አይስማ፤ ከሰማ ያስታርቃል፣ እኛ ደግሞ ማስታረቅ እንወዳለን። መጀመሪያ ሳትቀርጽ አንድ ጊዜ ያውራ፤ ከዚያ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ቅረጽ። ከሦስተኛው በኋላ ትወና ያልተማረ ሰው ራሱን መኮረጅ ይጀምራል።

በዋንግ ጊዜ ይህን ቁጥብነት የሚቀረጽበት ጥሬ ፊልም ራሱ ያስገድድ ነበር። የ16 ሚሊሜትር ባለ 400 ጫማ ጥቅል የሚይዘው 11 ደቂቃ ያህል ነው፤ በደቂቃ 36 ጫማ ይበላል። ለ70 ደቂቃ ፊልም 2,520 ጫማ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ስድስት ደቂቃ ብትቀርጽ 38 ጥቅል ከነእጥበቱ። ዛሬ ካርድ ስለማያልቅ ችግሩ ወደ ኤዲት ክፍል ተዛወረ። አሥር ለአንድ ብትቀርጽ 700 ደቂቃ ነው፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት፣ በጠቅላላው ወደ 525 ጊጋባይት። ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሁለት ግዛና በዚያው ማታ ለሁለቱም ገልብጥ፤ ሁለቱን አንድ ቤት አታሳድር። ሃያ ለአንድ ከሆንክ ደግሞ ዲስኩ ብቻ ሳይሆን አንተም ትሞላለህ።

የቀረጻ ቀን፦ 14 ቀን፣ በቀን አምስት የስክሪፕት ገጽ (አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው)። «ቻን» በቅዳሜና እሑድ ነበር የተቀረጸው፤ አንተ ግን ታክሲ ነጂዎችን ይዘህ ይህን አትሞክር። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ገበያቸው ነው፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰኞና ማክሰኞ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሻላል። ቀረጻው ለወራት ስለሚበተን የሁለቱ ፈላጊዎች ጃኬት ሁለት ሁለት ይገዛ፤ በየቀኑ መጨረሻ ፀጉራቸውንና ልብሳቸውን በስልክ ፎቶ አንሳ። በሦስተኛው ወር አጎትየው ጢሙን ይላጫል፤ ሁሌም ይላጫል።

የመኪናው ውስጥ ትዕይንት ብዙ ስለሚሆን ትንሽ ልቆይበት። «ቻን» የሚከፈተው የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ባረፈ የሕንጻዎች ነጸብራቅ ነው፤ የጆ ፊት ከሥሩ ብቅ ጥልቅ ይላል። ፊልሙ በሙሉ እዚያች ሾት ውስጥ አለ። አንተ ስትሞክረው የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ የካሜራው አውቶፎከስ ነጸብራቁን ይይዝና የአጎትህ ፊት ይደበዝዛል። ስለዚህ በእጅ ፊቱ ላይ ፎከስ አድርገህ ቆልፈው። ነጸብራቁን ለመቀነስ የፖላራይዘር ማጣሪያ እያዞርክ የምትፈልገውን ያህል ታስቀራለህ፤ ነገር ግን ማጣሪያው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ስለሚበላ ከምሽቱ በፊት ጨርስ።

እየነዳ እንዲተውን አታድርግ። አንደኛ አደጋ ነው፤ ሁለተኛ ለታክሲ ሥራ የተገባው ኢንሹራንስ ቀረጻን ላይሸፍን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ንግግር ያለበትን ሁሉ ማታ የቆመ መኪና ውስጥ ቅረጽ። አንዱ ጓደኛህ የመኪናውን መከላከያ (ባምፐሩን) በጣት ስፋት ያህል ያወዛውዝ፣ ሌላው በየአራት አምስት ሰከንዱ የእጅ ባትሪ ከፊት ወደ ኋላ ያሳልፍ፤ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ግን ውሸት መሆኑ ይታወቃል፣ ያዛንፈው። እየተነዳ የሚቀረጸው ቃል የሌለበት ምስል ብቻ ይሁን። መንገድ ላይ ስትቆምም የመሬቱን ባለቤት አጣራ፤ ዋሽንግተን ውስጥ አስፋልቱ የከተማው፣ ጎኑ ያለው ሣር የፌዴራል መንግሥት የሆነበት ቦታ ብዙ ነው፣ የፈቃዱም መሥሪያ ቤት ይለያያል።

ድምፅ ላይ ካለህ ገንዘብ ግማሹን አውጣ። መጥፎ ምስል ስታይል ይባላል፤ መጥፎ ድምፅ ምንም አይባልለትም። መኪና ውስጥ ትንሽ ማይክ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ለጥፍ፣ ሌላ ደረት ላይ፤ በ48 ኪሎኸርዝ በ24 ቢት። ማቀዝቀዣው ይጥፋ፣ መስኮት ይዘጋ። ምግብ ቤት ስትቀርጽ ፍሪጁን አጥፋ፤ የመኪናህን ቁልፍም ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጠው፣ መልሰህ ሳታበራው ወደ ቤትህ እንዳትሄድ። ስፒከሩ ላይ የሚዘፍን ካለ ይዘጋ፣ አለበለዚያ ንግግሩን መቁረጥም አትችልም፣ የዘፈኑንም መብት መግዛት አለብህ። ከእያንዳንዱ ቦታ ሳትወጣ የ60 ሰከንድ ዝምታ ቅረጽ፤ ማንም አይንቀሳቀስ። የሁለት ሾት መጋጠሚያ የሚሸፈነው በእሷ ነው።

የጎደለውን ትዕይንት የሚሞላው ጆ በምስሉ ላይ በድምፁ እንደሚተርከው ያለ ትረካ ነው። ከኤዲት በፊት አትጻፈው። ረቂቁ ኤዲት ሲያልቅ የት እንደሚያነክስ ታያለህ፣ እዚያ ብቻ ጻፍ፤ በደቂቃ ከ100 ቃል አይለፍ፣ አማርኛ ቃሉ ረጅም ነውና። የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተህ ቅረጸው፤ ልብሱ ማስተጋባትን ይውጣልና።

ሰብታይትል፦ ሁለት መስመር፣ ቢበዛ ስድስት ሰከንድ። በእንግሊዝኛ በመስመር 40 ያህል ፊደል ይለመዳል፤ በእኛ ፊደል ከ28 ባይበልጥ እመክራለሁ፣ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አብሮ ይዟልና ዓይን ያዘገያል። ፎንቱ ዩኒኮድ ይሁን፤ ፋይሉንም በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሞክረው፣ ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን የሚለወጠው ሁልጊዜ ማሳያው አዳራሽ ውስጥ ነው።

የመቀረጽ ፈቃዱን ሁሉም ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይፈርም፣ ከቀረጻው በፊት። ባንዲራና ፖለቲካ የሚነካ ነገር የሚናገር ሰው አገር ቤት ዘመድ እንዳለው አስብ፤ እንደዚያ ያለውን ቃል ለተዋናይ ስጠው እንጂ ስሙ ከሚታወቅ ሰው አፍ አታውጣ። ለዘፈን የዜማ ደራሲው፣ የግጥም ደራሲውና የቅጂው ባለቤት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ብቻ «ይሁን፣ ተጠቀምበት» ስላለ የትም ፌስቲቫል አትላከው።

«ቻን» የወጣው በዚሁ በር ነው፦ በ1982 ኒውዮርክ ኒው ዳይሬክተርስ ኒው ፊልምስ በሚባለው ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ የኒውዮርክ ታይምሱ የፊልም ሐያሲ ቪንሰንት ካንቢ አሞካሸው፣ ኒው ዮርከር ፊልምስ አከፋፈለው። በ1995 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገባ። መጨረሻው ላይ «ግራንት አቬኑ» የሚለው የድሮ የብሮድዌይ ዘፈን ስለ ቻይናታውን እየፈነደቀ ይዘፈናል፤ ምስሉ ግን ተራ ነው፦ መንገድ፣ መስኮት፣ የሚያልፉ ሽማግሌዎች። ይህን ዓይነት ምስል በመጨረሻው ቀን ለመቅረጽ አታስቀር፣ ያን ቀን ሁሉም ሰው ደክሟል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሾት ያዝ፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ ካሜራው በእግሩ ላይ ቆሞ፦ ገና ያልተከፈተ የእንጀራ መሸጫ፣ ተራ የሚጠብቁ ታክሲዎች፣ ፀጉር ቤት በር ላይ የተለጠፈ የለቅሶ ማስታወቂያ (ስሙ እንዳይነበብ)። በ14 ቀን 42 ሾት ይኖርሃል፤ ከነዚያ ውስጥ አሥሩን ትጠቀማለህ።